እኔ እንቁላል አይደለሁም

ሙናዬ ደብዳቤውን ለአራተኛ ጊዜ አንብባ ስትጨርስ እንደ መጀመሪያው ቀን ንድድ አለች። አምስት ገጽ ሙሉ! ከሞምባሳ ተነሥቶ ስንት አገር አቋርጦ ወረታ የደረሰ የፍቅር ደብዳቤ፣ አራቱ ገጽ ስለ ኦክቶፐስ ነው። እሺ፣ ሕዝቅኤል የአሳ ተመራማሪ ነው። እሷም ብትሆን ወረታ ላይ ባዮሎጂ የምታስተምር መምህርት ናት። ቢሆንስ! ለስድስት ወር ትምህርት ብሎ ባሕር ዳርቻ የሄደ ሰው፣ «ናፈቅሽኝ» የምትለዋን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሷንም ከወረቀቱ ጥግ አጣብቆ ይጽፋል?

«ዛሬ ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ፣» ይላል ደብዳቤው፣ «ድንጋይ ሥር አንዲት እናት ኦክቶፐስ አሳዩን። ሙንዬ፣ ብታያት! ሦስት ልብ አላት። ደሟ ሰማያዊ ነው። ስትዋኝ አንደኛው ልቧ መምታቱን ያቆማል፤ ለዚህ ነው ከመዋኘት ይልቅ እየዳኸች መሄድ የምትመርጠው። እንቁላሎቿን ከዋሻዋ ጣሪያ ላይ እንደ ዶቃ በክር በክር አንጠልጥላቸዋለች። በስምንት እጇ አቅፋ፣ ንጹሕ ውሃ እየነፋችባቸው ቀንም ሌትም ትጠብቃቸዋለች። ከዚያች ቀን ወዲህ እህል የሚባል አትቀምስም። ልጆቹ ተፈልፍለው ሲወጡ እሷ ትሞታለች።»

እዚህ ድረስስ ደግ ነበር። እንዲያውም ሙናዬ እዚህ ቦታ ስትደርስ አራቱንም ጊዜ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ያንጨረጨራት መጨረሻው ነው። «እኔም እንደሷ ነኝ» ይላል። «ያንን ነገር አቅፌ ይዤዋለሁ። አባትሽ ዕድሜ ልካቸውን ቢጠሉኝም ግድ የለም። አንቺ ግን ቃል እንዳይወጣሽ፣ አደራ።»

«አደራ ይላል ደግሞ!» አለች ብቻዋን።

«ያንን ነገር» ያለው ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ሕዝቅኤል ከአዲስ አበባ መጥቶ ጉማራ ወንዝ ዳር ድንኳን ተከለ። ነጭ አሳ በክረምት ከጣና ወጥቶ፣ ያን ሁሉ ጎርፍ እየገፋ ጉማራን ሽቅብ የሚወጣው እንቁላሉን ጠጠር ላይ ሊጥል ነው። የት ይጥላል፣ ስንት ይጥላል፣ የእሱ ሥራ ይኸን ማጥናት ነበር። የአሳ ሆድ እየከፈተ እንቁላል የሚቆጥር ጎልማሳ ፎገራ ላይ ታይቶ አያውቅምና አገሬው «የአሳ ሐኪም» እያለ ሳቀበት።

ሙናዬ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አባቷ ቤት ነበረች፤ ወንዙ ደግሞ ከደጃቸው ነው። እሱ ሲቆጥር እሷ መጻፍ ጀመረች። አንድ ቀን «አራት ሺህ ሁለት መቶ» አላት፤ ጻፈች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አራት ሺህ ሁለት መቶ» አላት። ቀና ስትል አሳውን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው። ሁለቱም አፈሩ። ከዚያ ወዲያ የዚያ ቀን ቁጥር ሁሉ ተበላሸ።

በዓመቱ፣ እንደገና ነሐሴ ላይ፣ አንድ ጠዋት ወደ ወንዙ ስትወርድ ውሃው ነጭ ሆኖ ጠበቃት። ሰዎች ከላይ ብርብራ ወቅጠው ዱቄቱን በትነውበታል። ብርብራ ለአሳ መርዝ ነው። ትልቁንም ትንሹንም ሆዱን ገልብጦ ያንሳፍፈዋል፣ ሰው ከታች ሆኖ በቅርጫት ይለቅማል። ከአባት ከአያት የመጣ ልማድ ነው፤ ነውር ያለው የለም። ሙናዬ ግን አንዷን አሳ አነሣችና ሆዷን ጫን ስታደርገው እንቁላሉ እጇ ላይ ፈሰሰ። አልቻለችም። «የማዶ ሰዎች ናቸው» ብላ አሰበች፤ ቀጥ ብላ ወረታ ሄዳ፣ ማመልከቻ ጽፋ፣ ፈርማ ለወረዳው ሰጠች።

ፖሊስ ሲመጣ አሳ ሲለቅሙ የተገኙት የማዶ ሰዎች አልነበሩም። የራሷው መንደር ልጆች ናቸው። ሁሉም ሮጡ፤ ያልሮጠ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። ታላቅ ወንድሟ፣ በላይነህ!

አሥራ አምስት ቀን ታሰረ። የታጨችለት የሐሙሲት ከተማ ልጅ ወላጆች «ለታሳሪ አንድርም» ብለው ቃላቸውን አጠፉ። አባቷ አቶ አንለይ ወንዝ ዳር ወርደው «ልጄን የከሰሰ ማነው?» ብለው ሲጮኹ፣ ሙናዬ አፏን ልትከፍት ስትል ሕዝቅኤል ቀደማት። «እኔ ነኝ» አለ። ይኸው ነው ነገሩ። እሱ የዚያ ቤት ጠላት ሆነ፣ እሷ ዝም አለች፣ ዝምታው ዓመት ሞላው።

አሁን ሕዝቅኤል ከሞምባሳ ተመልሶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዛሬ እሑድ ሽማግሎች ልኳል፤ ለሦስተኛ ጊዜ። ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። ሦስተኛው ከተመለሰ በአገሩ ወግ አራተኛ የለም።

እናቷ ወይዘሮ ሸዋነሽ ብቅ ብለው ወረቀቱንም የተቆጣ ፊቷንም አዩ።

«ምን ይላል ይኸ ሰው?»

«እንቁላል ነሽ ይለኛል።»

«እ?»

«እንቁላል! ሊያቅፈኝና ሊሞትልኝ!»

እናቲቱ ነገሩ አልገባቸውም። «ማቀፉስ ክፋት የለው» አሉና መልሰው ኮስተር አሉ። «ሙናዬ፣ ዛሬ አባትሽ ፊት ተናግረሽ እንዳታዋርጂን። ሴት ልጅ ሽማግሌ ሲቆም ጓዳ ናት።»

«እሺ እናቴ» አለች ሙናዬ። ደብዳቤውን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። እዚያው ውስጥ፣ ዓመት ሙሉ ከሣጥኗ ሥር የኖረ ሌላ ወረቀት ነበር። ፈርታለች፤ እንዲያ ፈርታ አታውቅም። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ ይበልጥ ነበር።

*

ሽማግሎቹ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ተጠቅሎ፣ እግራቸው የሩዝ ማሳ ጭቃ ለብሶ ደረሱ። ሜዳው ውሃ በውሃ ስለሆነ ከማዶ በታንኳ ያሻገራቸው በላይነህ ራሱ ነው። «የጠላሁትን ሰው ሽማግሌ ሳሻግር መዋሌ ነው» ብሎ አጉረመረመ፤ ግን መነኩሴ ወንዝ ዳር አስቁሞ መተው አይሆንለትም።

አንደኛው የጣራ ገዳሙ መነኩሴ አባ ገብረ ኪዳን ናቸው። ሁለተኛው የሙናዬ ባልደረባ፣ የሂሳብ አስተማሪው መምህር ይሁኔ። ሕዝቅኤል እዚህ አገር ዘመድ የለው፣ ያሉት ሰዎች እነዚህ ናቸው።

ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል። የቤቱ ጌታ «ተቀመጡ» ያለ እንደሆነ ነገሩ እጅ ገባ ማለት ነው። ሙናዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ያቺን አንዲት ቃል ጠበቀች።

«ዛሬም ለዚያው ጉዳይ ነው የመጣነው፣ አቶ አንለይ» አሉ አባ ገብረ ኪዳን። «ልጁ በድሎ ይሆናል። በደል ደግሞ በይቅርታ ነው የሚያልቅ።»

«አባ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ጉልበትዎን እስማለሁ» አሉ አቶ አንለይ። «ነገር ግን ለአሳ ብሎ የሰው ልጅ ያሳሰረ ሰው ልጄን አያገባም። ዘሩን አላውቀው፣ አገሩን አላውቀው። አሳን ከሰው አስበልጦ የሚወድ ሰው ልጄን ወስዶ ምን ሊያደርጋት ነው? ሆድ ከፍቶ ሊቆጥር?»

መምህር ይሁኔ ሳቅ አመለጣቸውና በሳል ሸፈኑት።

«ይሥቁ፣ ይሥቁ!» አሉ አቶ አንለይ። «ይኸን ልጅ ግን ይዩት።» ጥግ ላይ ተቀምጦ ለታንኳው መጠገኛ የደንገል ቄጠማ የሚያስረውን በላይነህን በከዘራቸው አሳዩ። «ባለትዳር መሆን የነበረበት ሰው ነው። ዓመት ሙሉ ከሰው ፊት አልቆመም። በሉ እንግዲህ፣ በመጣችሁበት…»

«አባዬ!»

ሙናዬ መጋረጃውን ገልጣ መሃል ቤት ቆመች። እናቷ «ኧረ ልጄ!» ብለው ነጠላዋን ከኋላ ያዙ። ነጠላው እጃቸው ላይ ቀረ።

«አባዬ፣ የከሰስሁት እኔ ነኝ።»

አቶ አንለይ መጀመሪያ አልተቆጡም። እንዲያውም እንደማዘን አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሽ? ይኸን ያህል አሳብዶሻል። ለሱ ብለሽ ገዛ ወንድምሽን አሳሰርሁ ትያለሽ። ግቢ ወደ ጓዳሽ።»

«አልዋሸሁም።» መቀነቷን ፈታ ወረቀት አወጣች። በችኮላ የኦክቶፐሱ ደብዳቤ አብሮ ወጣና መሬት ወደቀ፤ አላነሣችውም። «የማመልከቻው ግልባጭ ነው። መምህር ይሁኔ ያንብቡልህ።»

መምህር ይሁኔ ወረቀቱን ተቀብለው በዓይናቸው አነበቡት። «ስሟ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ፊርማውም የራሷ ነው። ትምህርት ቤት በየወሩ አየዋለሁ።»

የበላይነህ እጅ ደንገሉ ላይ ቆመ።

«ሕዝቅኤል ምንም አላደረገ» አለች ሙናዬ። «አንተ ስትጮህ ቀደመኝ እንጂ። ቤትህ ውስጥ እንድኖርልህ ብሎ የእኔን ሸክም ተሸከመ። እኔም ፈሪ ሆኜ አሸከምሁት። ዓመት ሙሉ እህል ስታጎርሰኝ፣ ዓመት ሙሉ 'ያ የአሳ ሐኪም' እያልህ ስትረግመው፣ የረገምኸው እኔን ነበር።»

«ወንድምሽን!» አሉ አቶ አንለይ። «ወንድምሽን?»

«እሱ መሆኑን አላወቅሁም። የማዶ ሰዎች መስለውኝ ነበር። ባውቅስ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ይኸንን ለበላይነህ በእግሩ ወድቄ እነግረዋለሁ።» ትንፋሿን ሳበች። «ግን አባዬ፣ ያን ጠዋት እንቁላሉ እጄ ላይ ነው የፈሰሰው። ከጣና ድረስ ጎርፍ ገፍታ መጥታ፣ ልትወልድ ስትል መረዟት። ተማሪዎቼን በመስከረም 'አሳ እንዲህ ይራባል' እያልሁ የማስተምረው ውሸቴን ነው? ነገም ጉማራ ላይ ብርብራ ከተበተነ፣ ነገም እከሳለሁ። አንተ ብትበትነውም እከሳለሁ!»

«እግዚኦ!» አሉ እናቷ።

አባ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ጨብጠው መሬት መሬት አዩ። አቶ አንለይ ተነሡ። ልጃቸው ላይ እጅ ሊያነሡ ነው ብለው ሁሉም ፈሩ። እሳቸው ግን ትክ ብለው አዩዋት። ከበላይነህ በፊት የነበረውን የመጀመሪያ ልጃቸውን ከቀበሩበት ቀን በቀር እንዲያ ያለ ፊት ኖሯቸው አያውቅም።

«ውጪልኝ» አሉ።

ሙናዬ ዓይኗን ከዓይናቸው ሳትነቅል ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ ዞራ ወጣች። እንባ አልነበራትም። ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሥቶላት፣ ቦታው ባዶ ሆኖ ያማት ነበር።

*

ውሃው ሞልቷል። ጉማራ ከዳሩ ወጥቶ ሩዙ መሃል ገብቷል። ማዶ፣ ከፍ ባለው የአፈር ክትር ላይ፣ አንድ ሰው ቆሞ ታያት፤ ከጠዋት ጀምሮ የሽማግሎቹን መልስ የሚጠብቀው ሕዝቅኤል ነው። ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች። ጉልበቷ ደረሰ። ወገቧ ሊደርስ ነው።

«አንቺ!»

ዞረች። በላይነህ መቅዘፊያውን ይዞ፣ ታንኳውን በገመድ እየጎተተ ይመጣል። ፊቱ ጥቁር ብሏል። ሙናዬ ጉልበቷን ልታጥፍ ስትል ክንዷን ይዞ ቀጥ አደረጋት።

«ውሃ ውስጥ ጉልበት አይሳምም። ግቢ።»

«በላይ፣ ማረኝ።»

«አልማርሁሽም» አለ። «ግን ውሃው ሞልቷል። ብቻሽን አትሻገሪም።»

ታንኳው ላይ ተቀመጠች። እሱ ከኋላ ቆሞ ይገፋ ጀመር። ሙናዬ ወደ ቤታቸው ዞራ አየች። የዋርካው ዛፍ አለ፣ የሣር ክዳኑ አለ፣ በበሩ ማንም የለም። ተወልዳ ያደገችበት ቤት እንዲያ ዝም ብሎ ሲርቅ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀጥ አለ። ያቺ የባሕር እናት ትዝ አለቻት፤ ስትዋኝ አንደኛው ልቧ የሚቆመው። እንግዲህ ይኸ ኖሯል፣ አለች በሆዷ። ለአባቴ ያለኝ ልብ ነው የቆመው።

«ያኔ ለምን እንዳልሮጥሁ ታውቂያለሽ?» አለ በላይነህ ድንገት።

«አላውቅም።»

«አንዷ አሳ እግሬ ላይ ተጋጭታ ሞተች። ሆዷ ሙሉ ነበር። እሷን ሳይ ቀረሁ።» መቅዘፊያውን ወጋ አደረገ። «አልማርሁሽም ብያለሁ። ይኸን ግን እወቂው።»

ሕዝቅኤል ክትሩን ወርዶ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተቀበላቸው። ከስቷል፤ የባሕሩ ፀሐይ አጥቁሮታል። የሙናዬን ፊት አይቶ፣ የበላይነህን ፊት አይቶ፣ ነገሩ ገባው።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኋቸው።»

«ሙንዬ! ምን አደረግሽ? አደራ አላልሁሽም? እኔ እኮ ችዬው ነበር! አባትሽ እኔን ቢጠሉ ምን እሆናለሁ? አንቺን ግን…»

«እኔ እንቁላል አይደለሁም!»

ጩኸቷ ከሩዙ ውስጥ ሁለት ሳቢሳ ወፎች አስነሣ።

«አምስት ገጽ ሙሉ ጻፍህልኝ» አለች፣ አሁን እንባዋ ዝርግፍ እያለ። «አቅፋ፣ ጾማ፣ ሞተች ብለህ። ደግ! እሷ ትሙት፤ ልጆቿ አፍ የላቸውም። እኔ ግን አፍ አለኝ! እጅ አለኝ! የፈረምሁት እኔ ነኝ። ስለኔ ሆነህ እየተረገምህ፣ እኔ ዋሻ ውስጥ ተንጠልጥዬ ልጠብቅህ ነው? የምትሞትልኝ ሰው አልፈልግም፣ ሕዝቅኤል። አብሮኝ የሚቆም ነው የምፈልግ። ይኸ የሚከብድህ ከሆነ ሞምባሳህ ተመለስ፣ እዚያ የምታቅፈው አታጣም!»

ሕዝቅኤል በስድስት ወር ውስጥ የባሕሩን አሳ ሁሉ በስም ሲለይ ከርሟል፣ ይችን ሴት ግን እንዳላወቃት ገባው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «እኔ ፍቅር ማለት የሚወዱትን ሰው መደበቅ መስሎኝ ነበር።»

«አይደለም።»

«አይደለም» አለ እሱም። እጁን ዘረጋላት። በሰው ፊት፣ በወንድሟ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ያዘችው። በላይነህ አንገቱን ወደ ሌላ አዞረ።

«አንተ ሰውዬ!» አለ በላይነህ እንዳዞረ።

«አቤት ወንድሜ።»

«ወንድሜ አትበለኝ። ዓመት ሙሉ ጠልቼሃለሁ። በየጠዋቱ ተነሥቼ፣ ልብ ብዬ፣ ደክሜ ነው የጠላሁህ። ለካስ በከንቱ ነው ያደከምኸኝ!» ድምፁ ግማሹ ቁጣ፣ ግማሹ ሌላ ነገር ነበር።

ሕዝቅኤል «በከንቱ አይደለም፣ ዋሽቼሃለሁ» አለ። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ ጠየቀ። «ሽማግሎቹስ? አልወጡም?»

ያን ጊዜ ሦስቱም ዞረው ወደ ማዶ አዩ። በላይነህ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ፀሐዩን ከለለ። የወንዙ ዳር ባዶ ነው። በማሳው መሃል የሚመጣ ሰው የለም።

«ቢያባርሯቸው ኖሮ» አለ በላይነህ ቀስ ብሎ፣ «እስካሁን ዳር ቆመው 'ታንኳ! ታንኳ!' እያሉ ይጮኹብኝ ነበር። መምህር ይሁኔ ዝም ብለው የሚቆሙ ሰው አይደሉም።»

እንዲያ ቆመው ቆዩ። ታንኳ የሚል ድምፅ አልመጣም። ይልቅ በሣር ክዳኑ ቤት በር ላይ እናቷ ብቅ አሉ፤ በአንድ እጃቸው የውሃ ማሰሮ፣ በሌላው የእንግዳ መታጠቢያ ይዘው ነበር። ጭቃ የነካ የሽማግሌ እግር የሚታጠበው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

በላይነህ ሳያስበው ፈገግ አለ።

«ቢያስቀምጧቸውም ባያስቀምጧቸውም» አለች ሙናዬ ጮክ ብላ፣ አባቷ ማዶ ሆነው የሚሰሟት ይመስል፣ «እኔ ተሻግሬያለሁ!» ቃሉ ግን መሃል ላይ ተሰበረባት። የሕዝቅኤልን እጅ አጥብቃ እንደያዘች፣ በወንዙ መሃል የቆመችው ያቺ አንዷ ልቧ ቀስ ብላ እንደገና ስትመታ ተሰማት።